የጋሽ ግርማን የክርስትና ስም ፍለጋ

መነሻ

ጋሽ ግርማን የቀበርናቸው የፍልሰታ ጾም በተፈታ ሰሞን ነው። በረሃ ውስጥ ሞተው ተገኙ፤ ዘመድ ስለሌላቸው እድራችን አስከሬናቸውን አስመጥቶ እዚህ አሜሪካ፣ ዴንቨር አጠገብ ያለችው አውሮራ ላይ ቀበራቸው። ግብዓተ መሬቱ ላይ ቄሱ መጽሐፉን ገልጠው "የክርስትና ስማቸው ማን ነው?" ብለው ሲጠይቁ እርስ በርስ ተያየን። በየለቅሶውና በየሠርጉ ወንበር ሲደረድሩልን የኖሩ ሰው ናቸው፤ የክርስትና ስማቸውን የሚያውቅ ግን አልተገኘም። ቄሱ ትንሽ ጠበቁና "ገብርከ ግርማ" እያሉ ፍትሐቱን አደረሱ።

ሲጨርሱ ቀጥታ ወደ እኔ መጡ። ለዛሬ በዓለም ስማቸው አልፈነዋል፣ ለአርባቸው ግን ስሙን ፈልጊልኝ፣ ነፍስ የምትጠራው በተጠመቀችበት ስም ነው አሉኝ። ወደ እኔ የመጡት የእድሩ የለቅሶ ክፍል ኃላፊ ስለሆንኩ ነው። ኃላፊ የሚለው ቃል እንዳያታልላችሁ፤ ሥራው ወንበር መበደርና ስልክ መደወል ነው። መተዳደሪያዬ በየቤቱ እየዞርኩ ሽማግሌና አሮጊት መንከባከብ ነው። ሰብለ እባላለሁ።

ቄሱ የሰጡኝ ሥራ ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። ግን የክርስትና ስም የአደባባይ ስም አይደለም። እናቴ "ለማንም እንዳትነግሪ፣ ደብተራ ከሰማ ይደግምብሻል" እያለች ነው ያሳደገችኝ። ስሙን የሚያውቁት እናት፣ ክርስትና አባትና የንስሐ አባት ናቸው። የጋሽ ግርማ እናት የት አገር እንደተቀበሩ እንኳ አናውቅም። ቢሆንም አንድ ሰው ከሰባ ዓመት ዕድሜው ውስጥ ለአንድ ሰው ሳይነግር አይቀርም ብዬ መስከረም እንደገባ ፍለጋዬን ጀመርኩ።

ፓርክ ሂል

ጋሽ ግርማ የሚኖሩት ፓርክ ሂል በሚባለው ሰፈር፣ በእትዬ ዘውዴ ቤት ቤዝመንት ውስጥ ነበር። እትዬ ዘውዴ ሰማንያ ያለፋቸው፣ ከባላቸው ሞት በኋላ ክፍል እያከራዩ የሚኖሩ ሴት ናቸው። ደረጃውን መውረድ ስለማይችሉ ከላይ ሆነው መብራቱን አበሩልኝና ብቻዬን ወረድኩ።

የክፍሉ ንጽሕና ያስደነግጣል። አንድ አልጋ፣ አንድ ወንበር፣ የኤርፖርት ፓርኪንግ ውስጥ ሲሠሩ የሚለብሱት አንጸባራቂ ሰደርያ። ሥዕለ አድኅኖ የለም፣ ፎቶ የለም። በግድግዳው ጥግ ግን ታጥበው የተደረደሩ ባዶ የውሃ ጋሎኖች ነበሩ፤ ክዳናቸው ለብቻው በሳህን ተቀምጧል። ሌላ የሚታይ ነገር ስለሌለ እነሱን ሳይ ቆየሁ።

ወደ ላይ ተመልሼ ስለ ቤተ ክርስቲያን ጠየቅኳቸው። ግርማ ቅዳሴ ላይ ከአጥር ውጭ ቆሞ ተሳልሞ ይመለሳል እንጂ ገብቶ አያውቅም፣ ንስሐ አባትም የለውም አሉ። እንግዳስ ይመጣባቸው ነበር ወይ አልኳቸው።

"አንድ ሃብቶም የሚባል አለ፣ ኤርትራዊ፣ ድሮ ታክሲ ይነዳ የነበረ። ቶርንተን ነው ከልጁ ጋር የሚኖረው። በዓመት አንዴ ይመጣና መኪናውን እዚሁ ፊት ለፊት ፓርክ አድርጎ ሁለቱ ውስጡ ቁጭ ብለው ይውላሉ። ሻይ ልኬላቸው አይጠጡም። አፋቸው ሲንቀሳቀስም አላየሁ።"

የአቦይ ሃብቶምን ስልክ ከድሮ ታክሲ ነጂዎች አግኝቼ እዚያው በር ላይ ቆሜ ደወልኩ። ስለ ጋሽ ግርማ ልጠይቅዎ ነበር ስላቸው "ግርማ እኮ ከሞተ ቆየ" ብለው ዘጉት። ላዘነ ሽማግሌ አንድ ወርም ረጅም ነው ብዬ አለፍኩት። መልሼ ብደውል አላነሱም።

አውሮራ

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ አውሮራ ወደሚገኝ አንድ ምግብ ቤት ጎራ አልኩ። ቀጠሮዬ ከእድሩ ሰብሳቢ ጋር ነበር፤ አስከሬኑን ያገኘው ሰው ስልክ እሱ ጋ ነው ያለው። እሱ እስኪመጣ በየጠረጴዛው ያሉትን ወንዶች ጠየቅኩ፤ ጠይቄም ተጸጸትኩ።

ጋሽ ግርማን "በረኸኛው" ነበር የሚሏቸው። በየዓመቱ ክረምት፣ ፀሐዩ አናት በሚበሳበት ወቅት፣ የዓመት ፈቃዳቸውን ይወስዱና ወደ ዩታ ድንበር በረሃ ብቻቸውን ይሄዳሉ። በረሃ ገባ ሲባል በእኛ አገር ጠመንጃ የያዘ ሰው ነው የሚታሰበው፤ ስለዚህ ሲመለሱ "ጋሼ፣ የትኛውን ግንባር ያዛችሁ?" እየተባሉ ይቀለድባቸው ነበር። እሳቸውም ፈገግ ይሉና ወንበር መደርደራቸውን ይቀጥላሉ። አሁን ደግሞ አንዱ ባሕታዊ ነበሩ ብሎ ማለልኝ። ሁለተኛው ወርቅ እየፈለጉ ነው አለ። ሦስተኛው፣ ክትፎውን ሳይውጥ፣ ስለላ ነው አለ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይባላል፤ እኔም መታነቄ ስለነበር ሻዬን ይዤ ወደ በሩ ዞርኩ።

ሰብሳቢው መጥቶ ቁጥሩን ሰጠኝ። ያገኛቸው ዌይን የሚባል ከብት አርቢ ነው። ስደውልለት ኑ አለ፤ እስከ ትልቁ መንገድ ድረስ መጥቶ እንደሚቀበለኝ ነገረኝ።

ከተራራው ወዲያ

ዓርብ ጠዋት ከቤቴ፣ ከግሪን ቫሊ ራንች ተነሳሁ። ዳቦ፣ ቆሎና ፍላስክ ሙሉ ሻይ ይዣለሁ። ዴንቨርን በጠዋት ትራፊክ አቋርጬ ተራራውን ስጀምር መኪናዬ ማቃሰት ጀመረች፤ የጭነት መኪናዎቹም በቀኝ በኩል እንደ እኔው ይንፏቀቃሉ። ዛፎቹ ቢጫ ሆነዋል። መስከረምን የሚያውቅ ሰው ቢጫ ሲያይ ደስ ይለዋል፤ ይሄ ግን ቅጠሉ ሊረግፍ ሲል የሚያመጣው ቢጫ ነው። ተራራውን ሰንጥቆ ከሚያልፈው ትልቅ ዋሻ ስወጣ በረዶ ቢጤ ዝናብ ተቀበለኝ።

ከዋሻው ወዲያ መንገዱ ቁልቁል ነው። ወንዝና የባቡር ሐዲድ ባለበት ጠባብ ገደል ውስጥ ለውስጥ ብዙ ነዳሁ፤ ግድግዳው ከሁለቱም ወገን ስለሚጫን መሪውን አጥብቄ ይዤ ነበር። ከገደሉ ስወጣ ዛፍ እየሳሳ፣ አየሩም እየሞቀ ሄደ። መንገድ ዳር የዓመቱን መጨረሻ ኮክ የምትሸጥ ሴት አገኘሁና ስምንት ዶላር ከፍዬ አንድ ከረጢት ገዛሁ። ብቻዬን መሆኔን አይታ ውሃ ይዘሽ ነው የምትሄጂው ብላ ጠየቀችኝ። ከዚያ ወዲያ ያገኘኋቸው ሰዎች ሁሉ የጠየቁኝ ይሄንኑ ነው። ግራንድ ጀንክሽን ከተማ፣ የምንጣፉ ሽታ ራስ የሚያዞር ሞቴል ውስጥ ሰባ አምስት ዶላር ከፍዬ አደርኩ።

በረሃው

ዌይን ቀጭን፣ ባርኔጣው ከፊቱ ጋር አብሮ ያረጀ ሰው ነው። በማግስቱ ከዩታ በፊት ባለው የመጨረሻው የአውራ ጎዳና መውጫ ላይ መኪናዬን አቁሜ በእሱ ፒክአፕ ሄድን። አስፋልቱ አለቀ፣ ቀጥሎ ጠጠሩም አለቀ። በስተሰሜን እንደ ግንብ የቆመ ረጅም ገደል አለ፤ ከእሱ ወዲህ ያለው አመድ የመሰለ ኮረብታ ነው፤ ሲረግጡት ይፈረፈራል። ከጉልበት የማይበልጥ ቁጥቋጦ አልፎ አልፎ አለ። ወፍ እንኳ አላየሁም። ክረምት ላይ እዚህ በእግሩ የሚሄድ ሰው ምን ፈልጎ ነው ብዬ አሰብኩ፣ ስድብም እንደመጣብኝ አልደብቅም።

ዌይን በየመንገዱ እያቆመ ቁጥቋጦ ሥር ያሳየኝ ጀመር። ጥላው ላይ የውሃ ጋሎን ተቀምጧል፤ ሙሉ ነው፣ ክዳኑ ጠብቋል። ትንሽ ሄደን ሌላ፤ እንደገና ሌላ። ለእሳቸው መመለሻ የተቀመጠ መስሎኝ ነበር። አይደለም፣ ለዓመታት አይቼዋለሁ፣ የሚያስቀምጠውን አይጠጣም አለኝ። መጀመሪያ ከብቶቼ ፕላስቲክ ይበሉብኛል ብሎ ተናዶባቸው እንደነበር፣ አንድ ቀን ሊሰድባቸው ቀርቦ ፊታቸውን ሲያይ ግን ትቶ እንደተመለሰ ነገረኝ።

ያገኛቸው ደረቅ የጎርፍ መውረጃ ውስጥ ነው። ቦታው ምንም ምልክት የለውም።

"እዚህ ጋ ተቀምጦ ነበር" አለ ዌይን። "ጋሎኑ አጠገቡ ነው። ሙሉ ነበር። ክዳኑ ምናልባት ጠንክሮበት ይሆን ብዬ ሞከርኩት፤ በሁለት ጣት ተከፈተ።"

እኔ ሥራዬ ሽማግሌን ውሃ ማጠጣት ነው። አልጠጣም የሚልን ሰው በልመናም፣ በቁጣም፣ በማንኪያም አጠጥቻለሁ። እዚያ ቆሜ እኚህን ሰው አጠገባቸው ሆኖ ጋሼ ይጠጡ የሚላቸው ሰው ባለመኖሩ አለቀስኩ። ዌይን ባርኔጣውን አውልቆ ወደ ሌላ አቅጣጫ ያይ ነበር። ስጨርስ አንድ ነገር ልጠይቅሽ አለኝ።

"እዚያ ጉብታ ላይ ይወጣና ይጣራል። ይጣራና ይጠብቃል፣ ደግሞ ይጣራል። ሁልጊዜ አንድ ቃል ነው። ግርማ፣ ግርማ ይላል። በናንተ ቋንቋ ውሃ ማለት ነው?"

"ስም ነው" አልኩት።

"የማን ስም?"

የራሳቸው ልለው ጀምሬ ተውኩት። የራሱን ስም ተጣርቶ መልስ የሚጠብቅ ሰው የለም። ያኔ ነው አቦይ ሃብቶም በስልክ ያሉኝ የመጣልኝ፦ ግርማ እኮ ከሞተ ቆየ። ፈራሁ። ዌይንን ከጋሎኖቹ አንዱን እንዲያነሳልኝ ለመንኩትና ኮኩን ለሚስትህ ብዬ ሰጥቼው ወደ መኪናዬ መለሰኝ። እስከ ተራራው ድረስ ሬዲዮ አልከፈትኩም።

ቶርንተን

አድራሻቸውን ከታክሲ ነጂዎቹ ተቀብዬ እሑድ ከሰዓት በኋላ ቶርንተን ስደርስ አቦይ ሃብቶም የልጃቸውን ጋራዥ ከፍተው ደጁን እያዩ ተቀምጠው ነበር። ማን እንደሆንኩ ስነግራቸው ፊታቸው ጠቆረ። ጋሎኑን ከመኪና አውጥቼ እግራቸው ሥር አስቀመጥኩት። ብዙ ካዩት በኋላ ወንበር ስበው ተቀመጪ አሉኝ።

አማርኛቸው ከእኔ ይበልጣል፤ አስመራ ተማሪ ቤት በዱላ የገባልኝ ነው ይላሉ።

"ልጄ፣ እናንተ የቀበራችሁት ታዬ ነው" አሉ። "ግርማን በረሃ በልቶታል፤ ያኔ፣ ልጅ ሳለን፣ ሱዳን።"

ቀሪውን ቀስ ብለው ነገሩኝ። በደርግ ጊዜ ሦስቱም ካርቱም አንድ ክፍል ይኖሩ ነበር። የግርማ ወደ አሜሪካ የመሄድ ማመልከቻ አለፈ፤ የሚቀረው በረራ መጠበቅ ብቻ ነው። የታዬ ግን ውድቅ ሆኖ ተመለሰ። ታዬ ተስፋ ቆርጦ በደላላ መኪና በረሃውን አቋርጦ ግብፅ ሊገባ ተነሳ። ግርማ ብቻውን አልሰደውም፣ አድርሼው እመለሳለሁ ብሎ አብሮት ወጣ። መኪናው መንገድ ሳተ፣ ውሃው አለቀ፣ ሹፌሩና ሌሎቹ በየፊናቸው ተበተኑ። ግርማ መራመድ ሲያቅተው ታዬ ድንጋይ ጥላ ሥር አስቀመጠውና ውሃ ይዤልህ እመጣለሁ ብሎት ሄደ። ግመል ነጂዎች ታዬን ወድቆ አገኙት። ውሃ ተሸክሞ ቢመለስ ድንጋዩ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነበት። ድምፁ እስኪዘጋ ተጣራ፤ መልስ የለም።

"ካርቱም ሲመለስ የግርማ የበረራ ቀን ወጥቷል። ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ" አሉ። "ፎቶውስ እንዳትዪኝ፤ በዚያ ርሃብ ሁላችንም አንድ ፊት ነበረን። እሱ ሞቷል፣ አንተ ደግሞ እዚህ ትሞታለህ፣ ሂድ አልኩት። ሄደ። ግርማ ተብሎ ኖረ። እኔ ከዓመታት በኋላ መጥቼ ሳገኘው የሚያወራ ሰው አልነበረም። በየዓመቱ በሞተበት ቀን እሄዳለሁ፣ መኪና ውስጥ እንቀመጣለን፣ እመለሳለሁ።"

ታዬ ቤተ ክርስቲያን ለምን እንዳልገቡ ጠየቅኳቸው። ግርማን በፍትሐት ሊያስፈታው ይፈልግ ነበር፣ አሉ፤ ግን ግርማ ሞቷልና ፍቱልኝ ቢል አንተስ ማን ነህ ይሉታል። በሕይወት ያለ ሰው ስም እየተጠራበት እንዴት አድርጎ ያስፈታው።

የመጣሁበትን ጥያቄ ማቅረብ ከበደኝ፤ ቢሆንም አርባው ደርሷል። የታዬን የክርስትና ስም ያውቁት እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

"በረሃ የሚገባ ሰው የክርስትና ስሙን ለጓደኛው ይነግራል" አሉ። "የተረፈው የሞተውን እንዲያስፈታ። ሁለቱም ሲነሱ ጥግ ይዘው በጆሮ ተነጋገሩ። እኔ ቀሪ ነኝና አልነገሩኝም። የግርማን ታዬ ያውቃል። የታዬን ግርማ ያውቃል።"

እጃቸውን ዘርግተው ባዶውን አሳዩኝ። ከዚያም በምን ስም እንደፈታናቸው ጠየቁኝ። ግርማ ተብሎ ነው ስላቸው ነጠላቸውን ወደ አፋቸው አስጠግተው አለቀሱ። ታዬ ዕድሜውን ሙሉ ሊያስፈታው ያልቻለውን ሰው እናንተ በስህተት አስፈታችሁለት አሉ። "የራሱ ግን ቀረ።"

ስነሳ፣ ጻፊው አሉኝ፤ ከእንግዲህ የሚከሰስበት የለም፣ የሚያፍርበትም የለም። ጋሎኑን ላነሳ ስል ደግሞ እጄን ያዙኝ። "እሱን ተይልኝ።"

ቤት

ለቄሱ ሁሉን ነገርኳቸው። ታዬ ብለው ይጥሯቸው ብዬ ለመንኩ። አርባው ዕለት ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ ነበር፤ ወሬው ቀድሞኝ ስለነበር ያ ስለላ ነው ያለው ሰውዬ እንኳ ከኋላ ቆሟል። ቄሱ ግርማን በስሙ ጠሩት፤ በእውነት ሞቷልና። ሁለተኛው ላይ ሲደርሱ "ገብርከ" አሉና ቆሙ። ታዬ አሉ፣ ድምፃቸውም ወረደ። ስሙ እንዳልሆነ እሳቸውም እኛም እናውቃለን።

ድንጋዩ ላይ የተጻፈው ግርማ ነው። ሊቀየር ይችል እንደሆነ ብናጠያይቅ ወረቀታቸው ሁሉ ግርማ ስለሚል አይሆንም ተባልን። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። ታዬ ከመቃብራቸው በላይ የሰው ስም ነው ያለው፣ የራሳቸውን ደግሞ የሚያውቅ ሰው ሱዳን በረሃ ውስጥ ነው።

ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ መኪናዬን ጋራዥ ካስገባሁ በኋላ አልወረድኩም። እናቴ ሞታለች፣ ክርስትና እናቴም ሞታለች፣ የንስሐ አባቴ አገር ቤት ናቸው፣ ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም። እኔም ብሞት የእድሩ ሰዎች እርስ በርስ ይተያያሉ ማለት ነው። ደንግጬ እዚህ ተወልዳ ያደገችው፣ ለሥራ ብላ ሌላ ስቴት የሄደችው ልጄ ሜላት ጋ ደወልኩ።

"አንድ ነገር ልነግርሽ ነው፣ እንዳትረሺው" አልኳት። "የክርስትና ስሜን።"

"ማሚ፣ አር ዩ ሲክ? ምን ሆንሽ?"

"ምንም አልሆንኩም። በይ ስሚ።"

ነገርኳት። ለእናንተ አልጽፈውም፣ እናቴ ትቆጣለች። ሜላት ደግማ ስትለው ግማሹን ዋጠችው፤ እንደገና ስትሞክር የሌላ ሴት ስም አደረገችው። ስፔል አድርጊልኝ፣ ስልኬ ላይ ሴቭ ላድርገው አለች። በጆሮዬ ነው የተሰጠኝ፣ በጆሮሽ ያዢው አልኳት። ሥራ ላይ ነኝ፣ በኋላ ልደውልልሽ ብላ ለመነችኝ። በትክክል እስክትለው ድረስ ስልኩን አልዘጋሁም።